ጥንቸሏን ማን ይጠብቃት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፅጌ ጆሮ ግን በዚያ ዓርብ ጠዋት ባዳነቱን ትቶ ባለቤቱን አገለገለ። ለጥንቸሏ የጎመን ቅጠል ልታጥብ ከሰርቪስ ቤቷ ወደ ቧንቧው ስትወጣ፣ ታናሽ ወንድሟ ማቴዎስ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ትንሿን መስታወት ከመስኮቱ ብረት ጋር አስደግፎ ጢሙን ይላጭ ነበር። እጆቹ ስለተያዙ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦታል። ከስልኩ ውስጥ የእናታቸው ድምፅ በወላይትኛ ይጮኻል። ከቦዲቲ እስከ ሐዋሳ ያለው መንገድ በጩኸት የሚሸፈን ስለሚመስላቸው እናታቸው ስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው።

«ፅጌስ? ዘንድሮም አትመጣም?»

ማቴዎስ ምላጩን አገጩ ሥር አቆመው። «እኔ ምን ላድርግ እማ፣ ራሷ ናት እንቢ ያለችው። ኢያኤል የምታሳድጋት ጥንቸል አለች አላልኩሽም? እሷን ጥዬ የትም አልሄድም አለች።»

ስልኩ ዝም አለ። ፅጌ ጎመኑን እንደያዘች ግድግዳው ጥግ ቆመች። እናቷ ስልክ ላይ ዝም ሲሉ ሰምታ አታውቅም። «ጥንቸል?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያቺ ባቄላ የምትጨርሰው?»

«ይቺኛዋ የቤት ናት፣ እማ።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ድርሻዋን አላስቀምጥም በላት። ከጥንቸሏ ጋር ትብላ።»

ድርሻ የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም። የፅጌ እናት በየዓመቱ ለጊፋታ፣ በመስቀል ሰሞን ለሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሥጋውና በቅቤ የራሰው ምግብ ቀርቦ ሰው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት የየልጆቻቸውን ድርሻ በገዛ እጃቸው ይለያሉ። የመጣ ልጅ እዚያው ይበላል። ያልመጣ ልጅ ድርሻው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ከሚመለስ ሰው ጋር ይላክለታል። ፅጌ ማቴዎስ ቤት የመጣችው ኢያኤል ስትወለድ አራስ ልትጠይቅ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቆይታ ልትመለስ። ኢያኤል አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ፅጌ ወደ ቦዲቲ የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ለለቅሶ። ለለቅሶ ሰው አይከለከልም። ለበዓል ግን ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ሰው ይፈለጋል፤ ያም ሰው ሳይጠየቅ ፅጌ ነበረች። በየዓመቱ ሳምንት ያደረውን ድርሻዋን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ትበላለች፤ ቅጠሉንም ቶሎ አትጥለውም ነበር።

የወንድሟ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፈው ነበር። እናቷ «ልጄ ከእኔ ይልቅ ጥንቸል በለጠባት» ብለው እንዲያስቡ መደረጉ ግን ውስጧን አቃጠለው። ፅጌ ነገር ሲያንገበግባት የያዘችውን ዕቃ የምታጥብ ሴት ናት። ያን ዕለት ጎመኑን አራት ጊዜ አጠበችው። በሐዋሳ ከተማ እንደዚያ የጠራ ጎመን የበላ ሰው ስለመኖሩ እንጃ። ጥንቸሏ ስሟ ዱቄት ነው፣ ነጭ በመሆኗ ኢያኤል ያወጣችላት። የኢያኤል ናት ይባል እንጂ የምትኖረው ፅጌ ክፍል ውስጥ ነው፤ የማቴዎስ ሚስት ታቢታ ሳሎኑ ይሸታል ስላለች። ክፍሉ ሦስት በሦስት ነው። የፅጌ አልጋ፣ መሥራት ያቆመው ቴሌቪዥን፣ የኢያኤል የሕፃንነት አልጋ፣ ለእንግዳ የሚወጡ ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ እና የጥንቸሏ ሳጥን አሉበት። አገልግሎቱ አልቆ ሊጣል ያልተቻለ ነገር ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ፅጌ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አስባው አታውቅም። ዱቄት ቅጠሉን ስትቆረጥም ቁጭ ብላ አየቻትና «አንቺ ምን አጠፋሽ» አለቻት።

ቁርስ ላይ ታቢታ በአንድ እጇ ሻይ ይዛ በአንድ እጇ ልብስ ታጥፋለች። ታቢታ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ቤቷንም በደወል ነው የምታስተዳድረው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ፅጌ ስትታመም ሐኪም ቤት ትወስዳታለች፣ ለፋሲካ ልብስ ትገዛላታለች። እንዲያው ፅጌን የምታያት እንደ ቤቱ በር ነው፤ በር ደግሞ ከቤቱ ጋር ይቀራል እንጂ መኪና ላይ አይጫንም። «እትዬ ፅጌ፣ ኢያኤል ፕሮግራሙን ጽፋልሻለች፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ» አለች። ፅጌ ተነስታ አነበበችው። «ጠዋት ጎመን፣ ታጥቦ። ቀን ፉርሽካ አንድ ሲኒ። ማታ ካሮት። ከመተኛቷ በፊት ሆዷን እከኪያት፣ ትወዳለች። መብረቅ ካለ እቀፊያት።» ከሥሩ በታቢታ እጅ ጽሑፍ «ለአንቺ ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ» የሚል ተጨምሮበታል።

«ታቢታ» አለች ፅጌ፣ ወረቀቱን እያየች። «ጥንቸሏን የሚጠብቃት ሰው ቢገኝ እኔም ልመጣ እችል ነበር ማለት ነው?»

ታቢታ ሳቀች። በንቀት አይደለም፤ የማይሆን ነገር ስለተጠየቀች ነው። «በዚህ በዓል ጥንቸል የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል? ካገኘሽማ በደስታ!» አለችና ወደ ኢያኤል ዞራ ጫማሽን አድርጊ አለቻት። ማቴዎስ ዳቦውን እያኘከ ስልኩን ያያል። አገጩ ሥር የምላጭ ጭረት አለች፤ ትንሽ ጥጥ ለጥፎባታል። ሥራም ትምህርትም ግማሽ ቀን ስለሆነ በስድስት ተኩል ተመልሰው በዘጠኝ ሰዓት መንገድ ሊጀምሩ ነው። በሩ ሲዘጋ ፅጌ ሰዓቱን አየች፤ አንድ ተኩል ሆኗል። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ላጥ አድርጋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

መጀመሪያ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ ካልተዘጋጀች ልቧ እንደሚከዳት ታውቃለች። ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ከአልጋው ሥር ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ለእናቷ የገዛችውን ሻሽ አወጣች፤ ዘንድሮ እሄዳለሁ ስትል የገዛችው ነው፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተከፈተም። ከዚያ ዱቄትን ዘንቢል ውስጥ አስገብታ በአሮጌ ነጠላ ሸፈነቻትና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ወይዘሮ እህተማርያም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከትልቁ ልጃቸው ከአቤል ጋር የሚኖሩ፣ ቤታቸው ከእነ ማቴዎስ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሴት ናቸው። የዘንቢሉን ነጠላ ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት።

«ፅጌዬ፣ አትቀየሚኝ። ጥንቸል በእኛ ዘንድ አትበላም፤ ቤቴም አላሳድራትም። የንስሐ አባቴ ቢመጡ ምን እላለሁ?»

«ልትበላ አይደለም እኮ እትዬ፣ ልትጠበቅ ነው።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ሆዴ አይቀበለውም።» በሩን ሳይዘጉም ጨመሩ፦ «ቤቱን ግን ብትሉኝ አቤል እዚያው ያድር ነበር። ይሄው ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ወንድምሽ አንድ ቀን እንኳ ቤቴን እዩልኝ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ሌባ ነኝ እንዴ? አንቺን በየበዓሉ ዘበኛ አድርገው ጥለውሽ ሲሄዱ እኔ በአጥሩ ሳይሽ ያመኛል። ይጠይቀኝ። ካልጠየቀኝ ግን ራሴን ጠባቂ አላደርግም።»

ፅጌ ይህን ነገር ሰምታ ጡቷ ሥር ካለው ወረቀት አጠገብ አስቀመጠችው። አሁን ጉዳይዋ ጥንቸሏ ነች። አመስግና ወጣችና ባጃጅ በኮንትራት ይዛ፣ መቶ ሃምሳ ብር ተስማምታ፣ ወደ ሐይቅ ዳር ወረደች። ባለ ባጃጁ ዘንቢሉ ውስጥ ዶሮ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጥንቸል ናት ስትለው ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ይልቅ በመስታወቱ ዘንቢሉን እያየ ነዳ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ወርቁ የሚባል አትክልተኛ አለ፤ ከፅጌ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚዘምሩት። የእንግዶች ልጆች እንዲጫወቱባቸው ሆቴሉ በሽቦ አጥር ውስጥ ጥንቸሎች እንደሚያኖር እሱ ነው የነገራት። ግቢው ያማረ ነው። ሣሩ ተከርክሟል፣ ዛፎቹ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ተቀምጠዋል፣ አንድ ማኪያቶ ደግሞ ፅጌ ከነዘንቢሏ ከመጣችበት ባጃጅ ባልተናነሰ ዋጋ ይሸጣል። ወርቁ በደስታ ተቀበላት። «ለሳምንት ብቻ? ምን ችግር አለው፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች» አለ። ፅጌ እፎይ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ነው። ከማዕድ ቤት በኩል እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣና፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዱቄትን ከዘንቢሉ አንስቶ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጋት። «ሁለት ኪሎ ተኩል አታጣም» አለ። «በስንት ነው?»

«የምትሸጥ አይደለችም። አደራ ናት» አለች ፅጌ።

«አደራም ኪሎ አላት» አለና ለራሱ ሳቀ።

ፅጌ ወርቁን አየችው። ወርቁ መቀሱን አየ። «ባለፈው የነገርከኝ ጊዜ ጥንቸሎቹ ስንት ነበሩ?» አለችው። «አሥራ አራት» አለ ወርቁ። በሽቦው ውስጥ ያሉትን ቆጠረቻቸው፤ አምስት ናቸው። የቀሩትስ ብላ ስትጠይቀው ወርቁ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አንዳንዴ ያዝዛሉ ብሎ አጉተመተመ። ፅጌ ዱቄትን ከሰውየው መዳፍ ላይ ወስዳ ዘንቢሏ ውስጥ መለሰቻት። እሑድ እሑድ ስለ መልካም እረኛ በአንድ ድምፅ አብራው የምትዘምረው ሰው ይሄ ነው። «ወርቁ፣ እግዚአብሔር ይይልህ» አለችውና ሄደች። ተናዳለች። ግን ንዴቷ የሚገርም ንዴት ነበር፤ እግሯን አፈጠነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይወራለትም። ጓደኛዋ ሙሉጌጥ ስልክ አንስታ ከአውቶቡስ ውስጥ «አርባ ምንጭ ልደርስ ነው» አለቻት። የእንስሳት ክሊኒክ ሄዳ ደግሞ አንድ ባለ ጋውን ወጣት ማሳደሪያ እንደሌላቸው፣ ሥራቸውም ከበግ ወደ ላይ እንደሆነ በትሕትና ነገራት። ፅጌ ከክሊኒኩ ወጥታ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የመስከረም ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆኗል። ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ዘንቢሉን በእግሮቿ መካከል አድርጋ፣ ነጠላውን ገልጣ፣ ለዱቄት በኮዳ የያዘችውን ውሃ በእጇ አጠጣቻት። ተመልሼ ልሂድ ወይ ብላ አሰበች። ቤቱ እዚያው ነው፣ ሽሮውም ድስቱ ውስጥ ነው። ማንም ምንም አይላትም፤ መውጣቷን እንኳ ማንም አያውቅባትም። ያ ነበር የከፋው። እናቷ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የሚቀጥለውን ጊፋታ ማን ዋስ ይሆናቸዋል? ሦስተኛ ጊዜ ወደ ቦዲቲ የምትሄደው በማን ለቅሶ እንደሚሆን ስታስብ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እግሯ ግን ልማዱን አልረሳም፤ ዓርብ ዓርብ ፉርሽካ የሚገዛበት ቀን ነውና ወደ ኑሪ ሱቅ ወሰዳት።

ኑሪ የስልጤ ሰው ነው። ገበያው ዳር ጠባብ የእህል ሱቅ አለው፤ ከኋላ ጓሮው ውስጥ እናቱ ዶሮ ያረባሉ። ፅጌ ለዱቄት ፉርሽካ የምትገዛው ሁልጊዜ ከእሱ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ይመርቅላታል። «እናንተ ለበዓል አልሄዳችሁም እንዴ?» አላት ጣሳውን ጆንያ ውስጥ እየከተተ። ፅጌ እነሱ ሊሄዱ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። ስለ ምላጩ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ድርሻው፣ ስለ ባለ ነጭ ቆቡ፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። ለመጋቢዋ ያልነገረችውን ነገር ለፉርሽካ ነጋዴ ነገረችው። ኑሪ ፉርሽካ የሞላ ጣሳ እንደያዘ ቆሞ ሰማት። ሁለት ደንበኞች ሲመጡ ትንሽ ቆዩ አላቸው።

«እኛ ለመስቀል የት እንሄዳለን» አለ ስትጨርስ። «የእኛ አገር መግቢያ አረፋ ነው። ነይ፣ እናቴን እንጠይቅ።» እናቱ ጓሮ ውስጥ ለዶሮዎቻቸው ጥሬ እየበተኑ ነበር። ዘንቢሉን ከፍተው አዩ። «እንስሳ አይደለች? ውሃ ትጠጣ የለ? እዚያ አስቀምጫት» አሉ፣ ባዶ የዶሮ ቤት እያሳዩ፤ በሩ በሽቦ የሚታሰር ነው። ድመት አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ የለም አሉ። ቢላዋስ ብላ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። የእኚህን ሴት ፊት አይታ ሆዷ አምኗል።

ፅጌ ከመቀነቷ ብር ልትፈታ ስትል ኑሪ እጇን ያዛት። «ብር አልቀበልም። ይልቅ አረፋ ላይ ወራቤ ስንሄድ ዶሮዎቹን አንቺ ታዪልናለሽ። አንቺ መቼም ከቤት አትወጪም።»

ክፋት የለበትም። እውነትም ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እውነት። የትናንትናዋ ፅጌ ብትሆን «ምን ችግር አለው» ትል ነበር። አፏም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። «አይሆንም» አለች ግን። ድምፁ ከራሷ መውጣቱን ለማረጋገጥ ያህል ደገመችው። «አይሆንም ኑሪ። አረፋ ሲደርስ ለዶሮዎቹ ሰው እፈልግላችኋለሁ፣ ይሄን ቃል እገባለሁ። እኔ እቀመጣለሁ ብዬ ግን አልምልም። ያን ጊዜ የት እንደምሆን አላውቅም።»

ኑሪ ትንሽ አያትና ሳቀ። «በአንድ ቀን ነጋዴ ሆንሽ» አለ። እጅ ተጨባበጡ። ፅጌ ወረቀቱን ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም ጮክ ብሎ ለእናቱ አነበበላቸው። «መብረቅ ካለ እቀፊያት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ «ይሄኛው የእናቴ ሥራ ነው» አለ። እናቱ «ደግሞ መብረቅ ትፈራለች? ምስኪን» አሉ። ፅጌ ጎንበስ ብላ ዱቄትን ሆዷን ለመጨረሻ ጊዜ አከከቻት። ዓይኗ እንባ ያዘ። ጥንቸሏን ትወዳታለች፤ ማቴዎስ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም ነበር።

ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መኪናው፣ ያቺ አሮጌ ቪትዝ፣ በሩ ላይ ቆማለች፤ ተጭና አልቃለች። ኋላ ወንበር ላይ ለኢያኤል የሚበቃ ቦታ ተትቶ የቀረው እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ለእናታቸው የተገዛ ብርድ ልብስ፣ ሃያ ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ። ማንም ፅጌ የት ዋልሽ አላላትም፤ ገበያ የሄደች መስሏቸዋል። እሷም ወደ ክፍሏ ገባች፣ ታጠበች፣ ቀሚስ ቀየረች። የዱቄት ሳጥን ባዶ ሆኖ ስታየው ክፍሉ ሰፋ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ማቴዎስ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያዞረ ነበር፤ ማዞሩን አቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ቦዲቲ።»

«እትዬ ፅጌ» አለች ታቢታ፣ ከፊት ወንበር አንገቷን አውጥታ። «ጥንቸሏስ?»

«ሰው አገኘሁላት። ኑሪ ጋ ናት፣ ፉርሽካ የምገዛበት። ካገኘሽማ በደስታ ብለሽኛል ጠዋት።»

ኢያኤል ከመኪናው ወረደች። ዓይኗ ፈጥጧል። «ሆዷን እንዲያክካት ነግረሽዋል?»

«ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ፣ የኔ ልጅ። አንብቦታል። መብረቅ ከመጣ እናቱ ያቅፏታል።»

ኢያኤል ትንሽ አሰበች፤ ልጅ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ የፅጌን ሻንጣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ መኪናው መጎተት ጀመረች። ማቴዎስ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥሩ፣ ጥንቸሏ እሺ። ቤቱስ? ለበዓል ቤት ባዶ ጥሎ የሚሄድ አለ? ሌባው ይሄንን ቀን ነው የሚጠብቀው። እታለሜ፣ አንቺ ካልሆንሽ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?»

እታለሜ የሚላት ነገር ሲፈልግ ነው። ፅጌ ፊት ለፊቱ ቆመች።  «ያስቀረኝ ጥንቸሏ ናት ተባለ፤ ለጥንቸሏ ሰው ፈልጌያለሁ። ለቤቱ ሰው መፈለግ የባለቤቱ ሥራ ነው። ደግሞ ለእማ የነገርካት ስለ ጥንቸሏ ነው ማቴዎስ። ስለ ቤቱ አንድም ነገር አላልካትም።»

የማቴዎስ እጅ ወደ አገጩ ሄደ፤ ጥጡ ከዚያ ወድቋል። ታቢታ መጀመሪያ ባሏን፣ ከዚያ ፅጌን፣ መልሳ ባሏን አየች። ስለ ስልኩ አታውቅም ነበር፤ ይህን ፅጌ ፊቷ ላይ አነበበች፤ ስላላወቀችም በልቧ ግማሹን ማረቻት።  ወንድምና እህት በአንድ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ ብዙ ዝምታ ያጠራቅማሉ፤ የዚያን ቀኑ ግን የሌላው ጊዜ ዓይነት አልነበረም፤ ይሄኛው የማቴዎስ ነበር።

«አሁን በዚህ ሰዓት ማንን ልጠይቅ?» አለ በመጨረሻ።

«ወይዘሮ እህተማርያምን። አቤል ያድራል። ዘጠኝ ዓመት እስክትጠይቃቸው እየጠበቁህ ነው።»

ማቴዎስ በተተኮሰ ሸሚዙ ሄዶ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ወይዘሮ እህተማርያም በዋዛ አለቀቁትም። ማን ነው አሉ፤ ማቴዎስ ነኝ አለ፤ የትኛው ማቴዎስ አሉ። ካስገቡት በኋላም ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ እናትህ እንዴት ናቸው ሲሉ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ፅጌ በዚህ መሐል የኋላውን በር ከፍታ ለራሷ ቦታ ታወጣለች። ብርድ ልብሱን ወደ ኋላ መስታወቱ ገፋችው፤ ሩዙን ከወንበሩ ሥር አስገባች። ዘይቱ ሲከብዳት ሌላ እጅ መጥቶ ጀሪካኑን በአንድ በኩል ያዘላት። ታቢታ ናት። ምንም አላለችም፤ ሁለቱ ሆነው አንስተው ከፊት ወንበር፣ ከታቢታ እግር ሥር አስቀመጡት። ታቢታ እስከ ቦዲቲ ጉልበቷን አጥፋ ልትሄድ ነው። ፅጌ አላዘነችላትም፤ ተራዋ ነው።

ቁልፉን ለአቤል ሰጥተው የተነሱት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ከተማው ወደ ኋላ ቀረ፤ መኪናዋ ጭነቷ ስለከበዳት በየጉብታው ሆዷ መሬት ይነካል። ኢያኤል ራሷን የፅጌ ጭን ላይ አድርጋ ተኝታለች። ጥቁር ውሃ ድልድይ ሲደርሱ ማርሹ አጠገብ የተቀመጠው የማቴዎስ ስልክ ጮኸ። «እማ» ይላል። ማቴዎስ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጠበቀ፤ ታቢታ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ። ፅጌ በወንበሮቹ መሐል እጇን ዘርግታ አነሳችው፤ ጠዋት እንደሰማችውም ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ማቴዎስ! ተነሳችሁ?»

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ፅጌ። መኪናው ውስጥ ነኝ። እየመጣሁ ነው።»

ስልኩ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ያ ዝቅ ያለው ድምፅ መጣ። «ጥንቸሏ ፈቀደችልሽ?»

ፅጌ በመስታወቱ ውስጥ የወንድሟን ዓይን ፈለገች። መንገዱ ላይ ነበር።

«እሷማ መቼ ከለከለችኝ፣ እማ።»

 ከእናቷ ጀርባ የልጆች ጫጫታና እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይሰማል። «ማቴዎስ ይሰማል?» አሉ።

«አጠገቤ ነው። ይሰማል።»

«ጥሩ» አሉ እናቷ። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ቀድሞው ጩኸት ተመለሰ፤ ኢያኤል ነቃች። «እንግዲያው ዘንድሮ ለድርሻሽ መጠቅለያ ቅጠል አልቆርጥም። ቶሎ ንዳ በይው።»